ከ18,600 ዶላር 11,200 ብቻ መጣልኝ፤ ቀሪው የት ገባ?

ስለ ቤት ኢንሹራንሴ ክፍያ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ነው። አሁን 30 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚመጣው ሰው መሀል ላይ እየገባ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥያቄዬንም መልሶቹንም ከላይ ጀምሬ በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ብዙዎቹ ስለ ቤታቸው የጻፉት የግል ጉዳያቸውን ነው።

መነሻ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታውንሃውሱን ከገዛን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ዘንድሮ ልጆቹን ይዘን ለገና አዲስ አበባ ገባን። ጥምቀትንም እዚያው አክብረን በጠቅላላው አምስት ሳምንት ቆየን። ልንመለስ ስድስት ቀን ሲቀረን ጎረቤታችን ደወለ። ከጋራዡ በር ሥር ውኃ እየወጣ ነበር። ቁልፍ የተውንለት የባለቤቴ ወንድም ሮጦ ሄዶ ዋናውን ውኃ ዘጋው። ፎቅ ላይ ያለው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ በብርዱ ፈንድቷል። ውኃው ኮርኒሱን አውርዶ፣ ግድግዳውን አርሶ ቤዝመንት (ምድር ቤቱ) ደርሷል። የልጄ አልጋ፣ የሚያጠናበት ጠረጴዛ፣ መጻሕፍቱ፣ ሁሉም በስብሷል።

አድጀስተሩ (የኢንሹራንስ ኩባንያው ጉዳት ገማች) መጥቶ ለካ፣ ፎቶ አነሳ። የቤቱን ጥገና 18,600 ዶላር ገመተው። በዚህ ተረጋጋሁ። ቼኩ ሲመጣ ግን 11,200 ነው። አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ ሁለት ቅናሽ አለ። ዲዳክቲብል 2,500፣ ዲፕሪሲዬሽን 4,900። ዘጠኝ ዓመት አንድ ወር ሳላስተጓጉል የከፈልኩ ሰው ነኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሌሊት ተነስቼ ጻፍኩ። ቀሪው 7,400 ዶላር የት ገባ ብዬ ጠየቅኩ። ኢንሹራንስ ማለት ሌብነት ነው ብዬም ጨመርኩበት።

መልስ 1 እና 2። የመጀመሪያው ሰው እንኳን ሰው አልተጎዳ ብሎ አጽናናኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። ሁለተኛው ከእኔ ጋር ተናደደ። ሃያ ዓመት ከፍሎ አንድ ዶላር አልተመለሰለትም። ያን ሁሉ ገንዘብ እቁብ ቢጥለው ኖሮ ዛሬ ሌላ ቤት ይገዛበት እንደነበር ጻፈ።

መልስ 3። ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንሹራንስ ቢሮ ለዓመታት የሠራች እህት ናት። ጠቃሚው ነገር የተጀመረው ከእሷ ነው። ንዴቴ እንደሚገባት አስቀድማ፣ ሁለቱ ቅናሾች ግን ፈጽሞ የማይገናኙ መሆናቸውን አስረዳች።

ዲዳክቲብሉን የመረጥኩት እኔው ነኝ። ውሉን ስፈርም ከጉዳቱ የመጀመሪያውን 2,500 ዶላር ራሴ እችላለሁ ብያለሁ። ጉዳት በደረሰ ቁጥር ያችን ራሴ እሸፍናለሁ። ከፍ ያለ ዲዳክቲብል የያዘ ሰው በዓመት የሚከፍለው ይቀንስለታል። ዝቅ ያደረገ ደግሞ ይጨምርበታል። ይህ ገንዘብ አይመለስም።

ዲፕሪሲዬሽን ግን የእርጅና ቅናሽ ነው። ምንጣፉ፣ ቀለሙ፣ የወለሉ እንጨት ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል። ኩባንያው መጀመሪያ የሚከፍለው ይህን ዕድሜ ቀንሶ ነው። ውሌ የመተኪያ ዋጋ፣ ማለትም እርጅና ሳይቀነስ በአዲስ የሚተካበትን ዋጋ፣ የሚከፍል ከሆነ፣ ጥገናውን አስጨርሼ ደረሰኙን ስልክላቸው 4,900ው ይለቀቅልኛል። ብዙ ውሎች ላይ ይህን ቀሪ እንደምጠይቅ በ180 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ይኖርብኛል። ዝም ካልኩ ይቀራል።

ይህን ሳነብ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። 4,900 ዶላር ጠፍቷል ብለን ተቀምጠን ነበር እኮ።

መልስ 4። አንድ ወንድም ውሌን አውጥቼ የመጀመሪያውን ገጽ እንዳይ ጠየቀኝ። ዲክላሬሽን ፔጅ ይሉታል። ቤቱ ስንት እንደተገመተ፣ ዲዳክቲብሉ፣ የተጨመሩት ሽፋኖች፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሽፋን ፊደል አለው። ኤ ቤቱ ራሱ ነው። ቢ አጥርና ለብቻው የቆመ ጋራዥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሽፋን ኤ አንድ አሥረኛ ያህላል። ሲ ዕቃ ነው። ዲ ቤቱ የማይኖርበት ሲሆን ሆቴል ወይም ኪራይ የሚከፈልበት ነው። ኢ ሰው ቢከሰን የሚከላከልልን ነው። ኤፍ ደግሞ እንግዳ ቤታችን ውስጥ ቢጎዳ፣ ጥፋቱ የማን ነው ሳይባል ለሕክምናው የሚሰጥ አነስተኛ ገንዘብ ነው።

መልስ 5። ይህ የእኔ ነው። ገጹን ጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ቤቱ በመተኪያ ዋጋ ነው። ዕቃው ግን አክቹዋል ካሽ ቫልዩ ይላል፤ የዕለቱ ዋጋ ማለት ነው። የልጄ አልጋ የሚከፈልልኝ በአዲስ አልጋ ዋጋ ሳይሆን፣ ያገለገለ አልጋ በሚያወጣው ነው። ያኛው ቅናሽ አይመለስም። ሽፋን ዲ መኖሩንም ያኔ ነው ያወቅሁት። ከአዲስ አበባ ተመልሰን አሥራ አንድ ቀን የባለቤቴ እህት ቤት ወለል ላይ ተኝተናል። ሆቴል ልንይዝ እንችል ነበር። ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም።

መልስ 6። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ጸሐፊው አገር ቤት መድን ውስጥ ይሠራል። ይህ ሁሉ የእንግሊዝኛ ቃል አማርኛ እንዳለው አስታወሰን። በየጊዜው የምንከፍለው አረቦን ነው። ኩባንያው መድን ሰጪ፣ እኛ መድን ገቢ ነን። የሚከፈለን ካሣ ነው። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ሲቋቋም አሥራ ሦስት የግል ኩባንያዎች ተወርሰውና ተጠቃልለው እንደነበርም ነገረን። አገር ቤት የመኪናውን የሦስተኛ ወገን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግዴታ ነው። የቤት መድን የሚገባው ግን በአብዛኛው ባንክ ያበደረው ሰው ነው፤ ባንኩ ለመያዣው ሲል ይጠይቀዋል። ቃላቱን ስላስታወሰን አመሰግነዋለሁ። ልጄ አረቦን የሚለውን ሰምቶ አያውቅም ነበር።

መልስ 7፣ 8 እና 9። አንድ አባት ገቡ። በዕድሜ የገፉ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ኢንሹራንስ የፈረንጅ እድር ነው አሉ። ሁሉም ያዋጣል፣ ችግር የደረሰበት ይወስዳል፤ ሰባት ሺህ ቀረብኝ ማለት አግባብ አይደለም። መልስ 8 ላይ 3ኛዋ እህት፣ መልስ 3ን የጻፈችው፣ አባቴ እያለች በአክብሮት አረመቻቸው። እድር ለሁሉም እኩል ነው የሚሰጠው። ሟቹ ሀብታም ይሁን ደሃ፣ ድንኳኑም ገንዘቡም ያው ነው። መድን ግን የጠፋውን ነው የሚመልሰው። ከጉዳቱ በፊት የነበርክበት ቦታ ሊያደርስህ እንጂ ሊያተርፍህ አይችልም። የእርጅና ቅናሽ የሚባለው ነገር ራሱ የመጣው ከዚህ ሐሳብ ነው። አባታችን መልስ 9 ላይ ተቀበሏት። አንድ ነገር ግን አከሉ። እድር ሲመጣ ሰው ይዞ ይመጣል። ቼክ ግን ብቻውን ነው የሚመጣው። ይህን ማንም አልተከራከራቸውም።

መልስ 10። ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። አንድ ሰው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ገባ። በጃንዋሪ ቤቱን አምስት ሳምንት ዘግቶ የሄደ ሰው ዋናውን ውኃ ካልዘጋ ጥፋቱ የራሱ ነው። ሂተሩንም ገንዘብ ለመቆጠብ አጥፍቼው እንደሆነ ጠረጠረ። ከ60 ቀን በላይ ከሄዱማ ምንም አይከፈልም ብሎ ደመደመ።

መልስ 11። ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሂተሩን አላጠፋሁም። 60 ፋረንሃይት ላይ ነው የተውኩት። አድጀስተሩም የጠየቀኝ መጀመሪያ ይህንኑ ነበር። ውሉ ላይ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ሙቀት እንዲኖር ወይም ውኃው ተዘግቶ ቧንቧው እንዲደርቅ በቂ ጥንቃቄ ማድረግ አለብህ ይላል። የጃንዋሪን የጋዝ ቢል አውጥቼ ሰጠሁት። ቢሉ ሂተሩ ሲሠራ እንደነበር አሳየ። ያ ወረቀት ባይኖር ምናልባት 11,200ውም አይመጣም ነበር። ውኃውን መዝጋት ነበረብኝ ላለው ግን እውነቱን ነው። ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር።

መልስ 12። 3ኛዋ እህት ስለ 60 ቀኑ አስተካከለች። ውሉ ሁለት ዓይነት ባዶነት ያውቃል። ሰዎቹ ለጊዜው ሄደው ዕቃቸው፣ አልጋቸው፣ ልብሳቸው ያለበት ቤት አንድ ነው። ሰውም ዕቃም የለቀቀው ቤት ሌላ ነው። የ60 ቀኑ ገደብ የተለመደው በሁለተኛው ላይ ነው፤ ያውም እንደ መስታወት ስብራትና ሰዎች ሆን ብለው በሚያደርሱት ጥፋት ላይ ነው። ለፋሲካ አገር ቤት የሄደ ሰው ቤቱን ለቀቀ አይባልም። ቢሆንም ከወር በላይ የሚሄድ ሰው ኤጀንቱን (የኢንሹራንስ ወኪሉን) አስቀድሞ በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ በየጥቂት ቀኑ ገብቶ የሚያይ ሰው ቢተው ጥሩ ነው አለች።

ሁላችንም የምንሄደው በገና፣ በጥምቀት ነው። እዚህ ቧንቧ የሚፈነዳበት ወርም ያው ነው። ይህን መልስ በየቤተ ክርስቲያኑ ሰሌዳ ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል።

መልስ 13። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወንድም የራሱን ታሪክ አመጣ። ሲነበብ ያሳዝናል። የእሱም ቤዝመንት ውኃ ገባበት። ግን ከቧንቧ አልነበረም። ከባድ ዝናብ ዘንቦ ከውጭ በመስኮትና በግድግዳ ሥር ነው የገባው። አንድ ሳንቲም አልተከፈለውም። ውኃ ውኃ ነው፣ ቤዝመንት ቤዝመንት ነው፣ እኔና እሱ በምን ተለየን ብሎ ጠየቀ።

መልስ 14። መልሱን የሰጠው መልስ 4 ላይ የነበረው ወንድም ነው። በዚህ ክር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን እይዛለሁ። ኩባንያው የሚጠይቀው ምን ረጠበ ሳይሆን ውኃው ከየት መጣ የሚለውን ነው። ከቤቱ ቧንቧ በድንገት ከፈሰሰ ይሸፈናል። ከመሬት ላይ ተነስቶ ከገባ ጎርፍ ነው፤ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። ከፍሳሽ መስመሩ ወይም ከሳምፕ ፓምፑ (ከቤዝመንት ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ ወደ ውጭ ከሚገፋው ፓምፕ) ተመልሶ ከወጣ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ለብቻው የሚጨመር ሽፋን ይፈልጋል። ከመታጠቢያ ቤት ሥር ለወራት ቀስ እያለ ሲያንጠባጥብ ከኖረ እንደ ጥገና ጉድለት ይታያልና አይከፈልም። አንድ ዓይነት እርጥብ ምንጣፍ፣ አራት ዓይነት መልስ። ሌላም ነገር አከለ። ቧንቧ ፈንድቶ ግድግዳው ሲሸፈን እንኳ የተበላሸችው ቧንቧ ራሷ ብዙ ጊዜ አትሸፈንም። እውነት ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛውን 340 ዶላር የከፈልኩት ከኪሴ ነው።

ለጎርፍ ያለው መንገድ የፌዴራሉ ፕሮግራም ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ1968 ጀምሮ ያለ ነው፤ አሁን በፌማ፣ በፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ለቤቱ እስከ 250,000፣ ለዕቃው እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። ነገር ግን ከገቡበት ቀን ጀምሮ ብዙ ጊዜ 30 ቀን መጠበቅ አለ። ትንበያ ሰምቶ መሮጥ አይጠቅምም። ቤዝመንት ውስጥ ደግሞ ጠባብ ነው። ፈርነሱን (የቤት ማሞቂያውን)፣ የውኃ ማሞቂያውን፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ይሸፍናል፤ አሳምረን የሠራነውን ወለልና ሶፋችንን ግን አይሸፍንም።

መልስ 15፣ 16 እና 17። እዚህ ላይ ወሬው ወደ ምጣድ ዞረ። አንዲት እናት ጋራዥ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋግሩ ሶኬቱ ተቃጥሎ ግድግዳው እንደጠቆረ ጻፉ። ጥፋቱ የእርስዎ ነው እንዳይሏቸው ፈርተው ሳያመለክቱ ቀሩ። መልስ 16 ላይ በድንገት የተነሳ እሳት ሰውዬው ተዘናግቶ እንኳ ቢሆን እንደሚሸፈን ተነገራቸው። የማይሸፈነው ሆን ተብሎ የተለኮሰው ነው። መልስ 17 ግን አንድ ጥያቄ አነሳ። ለቤት ነው የሚጋግሩት ወይስ ለሱቅ? እንጀራ ለገበያ የሚጋገርበት ወይም የሰው ልጅ በክፍያ የሚጠበቅበት ቤት ንግድ አለበት ማለት ነው። የቤት ውል የንግድ ዕቃን በጥቂቱ ብቻ ነው የሚሸፍነው። በንግዱ ምክንያት ሰው ቢጎዳና ቢከስ ላይከላከልልን ይችላል። እናታችን አልመለሱም። ቤታቸው ልጅ የሚጠብቁ ብዙ እህቶች አሉን። እባካችሁ ኤጀንታችሁን ጠይቁ፤ ለዚህ የሚጨመር ሽፋን አለ።

መልስ 18። ቤዝመንቱን ያከራየ ሰው፣ የተከራዩ ላፕቶፕ በውኃ ቢበላሽ የእኔ ኢንሹራንስ ይከፍላል ወይ አለ። አይከፍልም። የባለቤቱ ውል የተከራይን ዕቃ አይሸፍንም። ተከራዩ የራሱን የተከራይ ኢንሹራንስ መግዛት አለበት። ባለቤቱም ማከራየቱን ለኩባንያው መናገር አለበት።

መልስ 19። አንዲት እህት ሌባ ገብቶ የእናቷን ወርቅ እንደወሰደባት ጻፈች። የአንገት ሀብል፣ የጆሮ ጉትቻ፣ ለሠርጓ የተሰጣት ነበር። ከ9,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ወርቅ ነው። የተከፈላት 1,500 ብቻ ነው። የተለመደው ውል ለተሰረቀ ጌጣጌጥ ያስቀመጠው ጣሪያ ያ ነው። ለጥሬ ገንዘብ ደግሞ 200 ዶላር። ዕቃ በጠቅላላ 150,000 ተሸፍኗል የሚለውን አይታ ተማምና ነበር። ወርቅ ያለው ሰው በባለሙያ አስገምቶ፣ እያንዳንዱን ለብቻው በዝርዝር ማስመዝገብ አለበት። የገንዘቡ ነገር አይደለም ብላ ጨረሰች። እናቷ ዐርፈዋል።

መልስ 20። እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። አንድ ሰው ሁላችንንም የዋሆች አደረገን። እነሱ ሲቆርጡ እናንተም ጨምሩ አለ። ያልነበረ ቴሌቪዥን ጻፉ፣ ጎርፍም ቢሆን ቧንቧ ነው በሉ፣ ማን ያውቃል?

መልስ 21፣ 22 እና 23። መልስ 21 በቁጣ ወረደበት። እንዲህ ዓይነት ምክር የሰው ቤት ያፈርሳል፤ አንድ የሐሰት ዕቃ ሲገኝ የሚጠፋው የዚያ ዕቃ ዋጋ ብቻ አይደለም። ውሉ ማጭበርበር ከተገኘ ሽፋኑ ሁሉ እንደሚቀር ይናገራል። ወንጀልም ነው። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ደግሞ መዘዙ ከኢንሹራንስም ያልፋል። መልስ 22 ላይ መካሪው ተሳደበ። የሰዎቹን አገልጋይነት፣ ፈረንጅ መፍራት፣ ሌላም ሌላም። አወያዩ መልስ 23 ላይ ገብቶ ስድቡን አጠፋ፤ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

እኔም አቋሜን ልናገር። ሌቦች ናቸው ብዬ የጀመርኩት እኔ ስለሆንኩ ለዚያ ምክር በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተቆረጠብኝ ነገር ውሉ ላይ ተጽፎ ነበር። ዘጠኝ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አላነበብኩትም። ኩባንያውንም ግን ነጻ አላደርገውም። ሽፋን ዲ እንዳለኝ፣ ቀሪውን በጊዜ መጠየቅ እንዳለብኝ በአንድ መስመር ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር።

መልስ 24። ሎስ አንጀለስ የሚኖር ሰው በጃንዋሪ 2025 የነበረውን እሳት አነሳ። በፓሊሴድስና በአልታዲና ከ16,000 በላይ ሕንፃዎች ወድመዋል። የሥራ ባልደረባው ቤት አንዱ ነበር። ቤቱ ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረው። ግን የተጻፈው ገንዘብ መልሶ ለመሥራት አልበቃም። እሳት በሰፈሩ ሲያልፍ ግንበኛውም እንጨቱም በአንድ ጊዜ ይወደዳል። ከተጻፈው በላይ 25 ወይም 50 በመቶ የሚጨምር ሽፋን እንዳለ ሰውዬው ያወቀው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

መልስ 25። አንድ ሰው አልገባኝም አለ። ቤቴ 650,000 ዶላር ያወጣል፣ ኢንሹራንሱ ግን 400,000 ብቻ ይላል፤ ታዲያ ተጭበርብሬያለሁ ማለት ነው?

መልስ 26። 3ኛዋ እህት እዚህ ላይ በደንብ አብራራች። የሽያጭ ዋጋ ውስጥ መሬቱ አለ። መሬት አይቃጠልም። ኢንሹራንሱ የሚያየው ቤቱን ከመሠረቱ መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ማነሱ ብቻውን ችግር አይደለም። ችግሩ መልሶ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ሲያንስ ነው። በተለመደው ውል የ80 በመቶ ሕግ አለ። ቤቱን መልሶ ለመሥራት 400,000 ይፈልጋል እንበል። ሰማንያ በመቶው 320,000 ነው። ሰውዬው አረቦን ለመቀነስ 240,000 ብቻ አስጽፏል። ይህ የ320,000 ሦስት አራተኛ ነው። ታዲያ ወጥ ቤቱ ተቃጥሎ 40,000 ዶላር ቢጠይቅ የሚሰላለት ሦስት አራተኛው፣ 30,000 ነው፤ እርጅና የተቀነሰበት ዋጋ ከዚህ ከበለጠ እሱን ያገኛል። ከዚያም ላይ ዲዳክቲብሉ ይነሳል። ጉዳቱ ከተጻፈው ገንዘብ በጣም ያንሳል፣ ግን ሙሉውን አላገኘም። ቤዝመንት ያሠራችሁ፣ ክፍል የጨመራችሁ ሰዎች ቁጥሩን አሳድሱ። እኔ ቤዝመንቱን ያሠራሁት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። በማግስቱ ደወልኩ።

መልስ 27። ኮንዶ ያለው ሰው የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር ኢንሹራንስ ካለው የእኔ ለምን አስፈለገ አለ። በአጭሩ ተመለሰለት። የማኅበሩ ውል ጣሪያውን፣ የውጭ ግድግዳውንና የጋራውን ነው የሚሸፍነው። ከግድግዳው ወደ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ ነው። ማኅበሩ ከሽፋኑ በላይ ሲደርስበት ለነዋሪው የሚያካፍለውን ዕዳ የሚከፍልም አንድ ሽፋን አለ፤ ካልጨመሩት ብዙ ጊዜ 1,000 ዶላር ላይ ይቆማል።

መልስ 28። ጥቂት ሰዎች ኩባንያው እምቢ ቢለን ወዴት እንሂድ ሲሉ ለነበረው ነው። እምቢታውን በጽሑፍ፣ የውሉን አንቀጽ ጠቅሰው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ሜሪላንድ ላይ ሜሪላንድ ኢንሹራንስ አድሚኒስትሬሽን አለ፤ ቨርጂኒያ ላይ ቢሮ ኦቭ ኢንሹራንስ አለ። አቤቱታ በነጻ ይቀበላሉ። ይኸው ሰው ሌላ ማስጠንቀቂያም ጨመረ። በትንሽ በትልቁ ማመልከት ጥሩ አይደለም። ያመለከቱት ነገር በመዝገብ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል፤ ሌላ ኩባንያ ሲሄዱም ይታያል። ጉዳቱ ከዲዳክቲብሉ ብዙም የማይበልጥ ከሆነ ከኪስ መክፈል ይሻላል። መልስ 2 ላይ የነበረው ወንድም እዚህ ተመልሶ መጣ። ሃያ ዓመት ምንም አለማመልከቱ ለካ የጠቀመው ነገር አለ።

መልስ 29። የእኔ የመጨረሻው ነው። ጥገናው አልቋል። የግድግዳውን፣ የወለሉን፣ የቀለሙን ደረሰኝ ፎቶ እያነሳሁ ላክሁ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን 4,900 ዶላሩ መጣ። ቼኩ ላይ ለቤቱ ያበደረን የሞርጌጅ ባንክም ስም ስለነበረ እሱን ለማስፈረም ሌላ አንድ ሳምንት ሄደ። አሥራ አንዱን ቀን ስላደርንበት ቤት ጠይቄ ነበር። ኪራይ አልከፈልንምና የሚመለስ ነገር የለም ተባልኩ። ደረሰኝ የያዝኩባቸውን ልብስ ማጠቢያና ከወትሮው ተርፎ የወጣውን የምግብ ወጪ ግን ከፈሉኝ። አሁን ዕቃውንም ወደ መተኪያ ዋጋ አስቀይሬዋለሁ። የሳምፕ ፓምፑንም ሽፋን ጨምሬያለሁ። ሁለቱ በዓመት 118 ዶላር ጨመሩብኝ።

መልስ 30። አንዲት እህት ክሩን ባነበበችበት ማታ ስልኳን ይዛ ቤቷን ከፎቅ እስከ ቤዝመንት በቪዲዮ ቀረጸች። መሳቢያዎቹን እየከፈተች፣ የዕቃውን ሴሪያል ቁጥር እያሳየች። ከዚያ ዲክላሬሽን ፔጇን አወጣች። ቤቱ በመተኪያ ዋጋ ነው፤ ጣሪያው ብቻ ግን በዕለቱ ዋጋ እንደሆነ ታች በትንሽ ፊደል ተጽፎ አገኘች። ጣሪያው 16 ዓመቱ ነው። አሁን ማስቀየር ይቻላል ወይስ መጀመሪያ ጣሪያውን ማደስ አለብኝ ብላ ጠይቃለች። 3ኛዋ እህት የጣሪያውን ዓይነትና ውሉ የሚታደስበትን ቀን እንድትጽፍላት በውስጥ መስመር ጠይቃታለች። መልሱን ስታገኝ እዚሁ እንድትለጥፈው ለምኛታለሁ፤ የእኔም ጣሪያ 14 ሞልቶታል።